ዩታኔዥያ በኔዘርላንድስ፦ ታሪኩ፣ ሕጉና ያላለቀው ክርክር

«አሟሟቴን አሳምረው።» እናቶቻችን ሲጸልዩ የሚሏት ልመና ናት። ዩታኔዥያ የሚለው ቃልም ከግሪክኛ ሲፈታ «መልካም ሞት» ማለት ነው። ምኞቱ ይመሳሰላል። የእናቶቻችን ልመና የሚቀርበው ግን ለፈጣሪ ነው፤ በዩታኔዥያ የሚለመነው ሐኪሙ ነው። ጭቅጭቁ ሁሉ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው።

በአማርኛ ብዙ ጊዜ «የምሕረት ግድያ» ይባላል። ስሙ ራሱ ክርክር ነው። አንዱ ወገን «ምሕረት» የሚለውን ይዞ ይሄዳል፣ ሌላው «ግድያ» የሚለውን። በኔዘርላንድስ ሕግ ግን ትርጉሙ ጠበብ ያለ ነው። ታማሚው ራሱ ሲጠይቅና ሐኪም ሆን ብሎ በመድኃኒት ሕይወቱ እንዲያልፍ ሲያደርግ ነው ዩታኔዥያ የሚባለው። መድኃኒቱን ታማሚው በገዛ እጁ ከወሰደው፣ ራሱን እንዲያጠፋ መርዳት ይባላል። ፋይዳ የሌለውን ሕክምና ማቆም፣ ወይም ታማሚው «በቃኝ» ያለውን መተው ግን ከሁለቱም አይቆጠርም። እኛ ዘንድ ማሽን መንቀልና መርፌ መውጋት እንደ አንድ ነገር ሲወሩ እሰማለሁ። አንድ አይደሉም።

በአገር ደረጃ ዩታኔዥያን የሚፈቅድ ሕግ አውጥታ በሥራ ላይ በማዋል ኔዘርላንድስ የመጀመሪያዋ ናት። ሕጉ ግን ድንገት ከፓርላማ አልወጣም። ሠላሳ ዓመት ያህል በፍርድ ቤት ሲብላላ ነው የኖረው።

መነሻው አንዲት ሐኪምና እናቷ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1971 ትሩስ ፖስትማ የምትባል ሐኪም መሞት የሚፈልጉ እናቷን መርፌ ወጋቻቸው። እናትየው ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ ከፊል ሰውነታቸው ሽባ ሆኗል። ጆሯቸው አይሰማም። ከወንበር እንዳይወድቁ ታስረው ነው የሚውሉት። «ልሙት» ብለው ደጋግመው ለምነዋል። ልጅየዋ ያደረገችውን አልካደችም። በ1973 የሌዋርደን ከተማ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አላት። ቅጣቱ ግን የአንድ ሳምንት እስር ሆነ፤ ያውም በገደብ። በአካባቢው የሚሠሩ ሌሎች ሐኪሞች ደግሞ «እኛም አድርገነዋል» የሚል ደብዳቤ ፈርመው አወጡ። ጉዳዩ ከቤተሰብ ሐዘን ወጥቶ የአገር መነጋገሪያ የሆነው ያኔ ነው።

ቀጥሎ የመጣው የ1984ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ታማሚዋ የ95 ዓመት ባልቴት ነበሩ፤ የተከሰሰው በጥያቄያቸው ሕይወታቸው እንዲያልፍ ያደረገው ሐኪማቸው ነው። ፍርድ ቤቱ «መግደል ችግር የለውም» አላለም። ያለው ሌላ ነው። ሐኪም ሁለት ግዴታ አለበት፤ ሕይወትን መጠበቅና ስቃይን ማስታገስ። ሁለቱ ሲጋጩና ሌላ መውጫ ሲጠፋ፣ ሐኪሙ ተገድዶ እንዳደረገው ሊቆጠር ይችላል። ይህች ሐሳብ የኔዘርላንድስ ሕግ ምሰሶ ናት። ብዙ ሰው ሕጉ የተሠራው በታማሚው ነፃነት ላይ ብቻ ይመስለዋል። ሥሩ ግን የሐኪሙ ጭንቀት ነው።

በ1994 ደግሞ ነገሩ ከሥጋ ሕመም አለፈ። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ቡድዌይን ሻቦት ሁለት ወንዶች ልጆቿን በሞት ያጣች የ50 ዓመት ሴት ራሷን እንድታጠፋ ረድቶ ነበር። አካሏ ጤነኛ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የስቃዩ ምንጭ አካል ይሁን አእምሮ ለውጥ የለውም አለ። ሻቦትን ግን ጥፋተኛ አደረገው፤ ሌላ ሐኪም ሴትዮዋን በአካል አላያትም ነበርና። ቅጣት አልተጣለበትም። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። የልጅ ሐዘን በሽታ ነው? በእኛ አገር ልጆቿን ለቀበረች እናት የሚታዘዘው ድንኳን፣ ዕድርና ቤቱን የሚሞላ ሰው ነው።

በመጨረሻ ነገሩ ፓርላማ ገባ። የላይኛው ምክር ቤት ሚያዝያ 10 ቀን 2001 እ.ኤ.አ. በ46 ለ28 ድምፅ አጸደቀው። ውጭ በሺዎች የሚቆጠሩ ተቃዋሚዎች መዝሙር ይዘምሩ ነበር። ሕጉን ያቀረቡት የጤና ሚኒስትሯ ኤልስ ቦርስት፣ ራሳቸውም ሐኪም ናቸው፣ ከጋዜጣ ጋር ባደረጉት ቃለ ምልልስ «ተፈጸመ» አሉ። ክርስቶስ በመስቀል ላይ የተናገረው ቃል ነው። ያውም ጋዜጣው የወጣው በፋሲካ ሰሞን ነው። አማኞች በጣም ተቆጡ። በስቅለት ቀን ከስግደት ተነስቶ ይህን የሚያነብ ሰው ምን እንደሚሰማው መገመት አይከብድም።

ሕጉ ከኤፕሪል 1 ቀን 2002 ጀምሮ ይሠራል። ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ፤ በኔዘርላንድስ ሰውን በጥያቄው መግደል ዛሬም ወንጀል ነው። እስከ 12 ዓመት ያሳስራል። ከክስ የሚድነው ቅድመ ሁኔታዎቹን አሟልቶ ያደረገውን ራሱ የሚያሳውቅ ሐኪም ብቻ ነው። ጥያቄው በታማሚው ፈቃድና በደንብ ታስቦበት መቅረብ አለበት። ስቃዩ የማይቻልና መሻሻል የማይጠበቅበት መሆን አለበት። ታማሚው ሁኔታውን በግልጽ ሊነገረው፣ ሌላ አማራጭ እንደሌለም ከሐኪሙ ጋር ሊተማመኑ ይገባል። ከጉዳዩ ነፃ የሆነ ሌላ ሐኪም ታማሚውን ያያል። ከሞቱ በኋላ ፋይሉ የሕግ ባለሙያ፣ ሐኪምና የሥነ ምግባር ሊቅ ወዳሉበት የአካባቢ ኮሚቴ ይሄዳል። ኮሚቴው ጉድለት ካገኘ ለዐቃቤ ሕግ ያሳውቃል።

«መብቴ ነው» ብሎ ሐኪም ማስገደድ አይቻልም። ሐኪሙ ምክንያት ሳይሰጥም እምቢ ማለት ይችላል።

ቁጥሩን እንይ። ሕጉ በተጀመረበት በ2002 ለኮሚቴዎቹ የደረሰው ሪፖርት 1,882 ነበር። በ2024 ወደ 9,958 ደረሰ፤ በአገሪቱ ከሞቱት ሰዎች 5.8 በመቶ ያህሉ ማለት ነው። ትልቁ ቁጥር የካንሰር ሕሙማን ነው። በአእምሮ ሕመም ምክንያት የተፈጸመው 219 ነበር። ተቃዋሚዎች ይህን አይተው «በሩ አንዴ ከተከፈተ አይዘጋም አላልናችሁም?» ይላሉ። ደጋፊዎች ደግሞ የሚያረጀው ሕዝብ በዛ፣ ድሮ በድብቅ የሚደረገውም አሁን ይመዘገባል ይላሉ። በእኔ አስተያየት የተቃዋሚዎቹ ሥጋት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ሕጉ በመጀመሪያ የሚመለከተው ከ12 ዓመት በላይ ያሉትን ነበር። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ከ1 እስከ 12 ዓመት ላሉ የማይድኑ ሕፃናት የተለየ ደንብ ወጥቷል። ሕፃን ደግሞ «በደንብ አስቤበታለሁ» ሊል አይችልም።

ከሁሉ ይልቅ የሚከነክነኝ ግን «የቡናው ጉዳይ» እየተባለ የሚወራው ነው። የ74 ዓመት ሴት ናቸው። የመርሳት በሽታ ሲጀምራቸው፣ ወደ መጦሪያ ቤት የምገባ ከሆነ መሞት እፈልጋለሁ ብለው ጻፉ። «ጊዜው ደርሷል ስል» የሚል ሐሳብም አክለውበታል። በኋላ በሽታው ጠናባቸው። አንዳንዴ ልሙት ይላሉ፣ አንዳንዴ ገና ነው ይላሉ። በ2016 ሐኪሟ የሚያደነዝዝ መድኃኒት በቡናቸው ውስጥ ጨመረችላቸው። መርፌው ሲወጋ ሴትዮዋ ብድግ ለማለት ሞከሩ። ቤተሰብ ያዛቸው። ሐኪሟ ተከሰሰች፤ በ2019 ፍርድ ቤት በነፃ አሰናበታት። በ2020 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ሰው ጤነኛ ሳለ የጻፈው ቃል በቂ ሊሆን ይችላል አለ።

እንግዲህ የትኛዋን ሴት ነው መስማት ያለብን? ያኔ ወረቀቱን የጻፉትን ወይስ አልጋው ላይ ብድግ ለማለት የሞከሩትን? ሕጉ የመጀመሪያዋን መርጧል። እኔ ሁለተኛዋን ትቶ ማለፍ ያቅተኛል።

የሕይወት ክቡርነት ክርክር ከሃይማኖት ብቻ አይነሳም። ናዚዎች ከ1939 እስከ 1941 ባካሄዱት ዘመቻ 70,000 ያህል የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን «የምሕረት ሞት» በሚል ስም ፈጅተዋል። የኔዘርላንድስ ሐኪሞች ራሳቸው በወረራው ዘመን የናዚን የሐኪሞች ማኅበር አንቀበልም ብለዋል። ደጋፊዎች «ያ በግድ ነበር፣ ይህ በጥያቄ ነው» ይላሉ። ልክ ናቸው። ሆኖም «መኖር የማይገባው ሕይወት አለ» የሚል ሐሳብ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ያየ አህጉር በቀላሉ እንቅልፍ አይወስደውም።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አቋም ጠንካራ ነው፤ ግን ጨካኝ አይደለም። በ1957 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ፣ ዓላማው ሕመምን ማስታገስ እስከሆነ ድረስ ዕድሜን ሊያሳጥር የሚችል ማስታገሻም ይፈቀዳል ብለዋል። ሆን ብሎ መግደል ግን በፍጹም። በእስልምናም ነፍስ የአላህ አማና፣ አደራ ናት። ሰው በደረሰበት መከራ ሞትን እንዳይመኝ ነቢዩ ከልክለዋል፤ ግድ ከሆነበት «መኖር የሚበጀኝ ከሆነ አኑረኝ፣ ሞት የሚበጀኝ ከሆነ ውሰደኝ» ይበል ብለዋል። ከእናቶቻችን ጸሎት ብዙም የራቀ አይደለም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ደግሞ «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ» የሚለው የኢዮብ ቃል በየለቅሶው ይሰማል። ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት እንደማይደረግ የማያውቅ የለም።

ሰው ግን ከአቋሙ ይልቅ ውስብስብ ነው። የቀድሞው የኔዘርላንድስ ጠቅላይ ሚኒስትር ድሪስ ፋን አህት ካቶሊክ ነበሩ፤ የክርስቲያን ዴሞክራቶች መሪም ነበሩ። በፌብሩዋሪ 2024 ከባለቤታቸው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው በዩታኔዥያ አረፉ። ሁለቱም 93 ዓመታቸው ነበር።

ሌሎች አገሮችም ተከትለዋል፤ ቤልጂየም በዚያው በ2002፣ ካናዳ በ2016፣ ስፔን በ2021። ስዊዘርላንድ መርፌውን ሐኪም እንዲወጋ አትፈቅድም፤ የግል ጥቅም ሳይፈልግ ሰው ራሱን እንዲያጠፋ የረዳን ግን አትቀጣም። ብዙ ወገኖቻችን ያሉባት እስራኤል የመረጠችው ሌላ መንገድ ነው። በ2005 የወጣው ሕጓ ዩታኔዥያን ይከለክላል፣ መተንፈሻ ማሽን መንቀልንም ይከለክላል። ማሽኑ በሰዓት መቁጠሪያ እንዲሠራና ጊዜው ሲያበቃ አለማደሱ እንዲፈቀድ ግን ታሰበ። ሃይማኖትና ሕክምና በአንድ ጠረጴዛ ሲቀመጡ የሚወጣ ብልሃት ነው።

በኢትዮጵያ ዩታኔዥያን የሚፈቅድ ሕግ የለም። በእኛ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 542 ሌላው ራሱን እንዲገድል ማነሳሳትንና መርዳትን ይቀጣል። በሽታው ለማይድን ሰው ሕመሙን የሚያስታግስ እንክብካቤ ለመስጠት እንደ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ያሉ ድርጅቶች ይሠራሉ፤ ሆስፒስ ኢትዮጵያ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ከሕጉ በላይ ግን ልማዳችን ይለያል። የኔዘርላንድስ ሕግ ታማሚው ሁሉን እንዲያውቅ ያስገድዳል። እኛ ጋ ውጤቱ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰማው ወንድም ወይም የበኩር ልጅ ነው። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ሐኪሙን ገለል አድርገው «ዶክተር፣ እባክህ ለሷ እንዳትነግራት» ይሉታል።