ድምፁ የሚጠፋው ቴፑ ውስጥ አይደለም፦ ስለ መኪና ሙዚቃ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሰሞኑን ሜክሲኮ ጋ መንገዱ ተዘግቶ ቆመን ሳለ ከጎኔ አንዲት ቪትዝ ነበረች። ሙዚቃዋ እኔ ድረስ ይመጣል። ታርጋዋ ይንጫጫል፣ የበሯ ፕላስቲክ ይርገበገባል፤ ዘፋኙ የሚለው ግን አንድ ቃል አይለይም። ሾፌሩ ወጣት ነው፤ ወደሱ ሳይ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ቴፑ አይረባም፣ ሊቀየር ነው» አለኝ። ሳልመልስለት መንገዱ ተከፈተና ተለያየን። እኔም ከስድስት ዓመት በፊት እንደሱ ብዬ ቴፕ ቀይሬ ነበር፤ ድምፁ ያው ነው የሆነው። ከዚያ ወዲህ የራሴን፣ የእህቴንና የሁለት ጓደኞቼን መኪና በር ፈትቼ አይቻለሁ። ለዚያ ልጅ ልነግረው የፈለግሁት ይህን ነው፦ ርካሽ ቴፕ ከምናስበው የተሻለ ድምፅ ያወጣል። የሚበላሸው ከቴፑ ከወጣ በኋላ፣ በሩ ውስጥና ስፒከሩ አገጣጠም ላይ፣ እንዲሁም እኛ ቁልፉን ስናዞር ነው።

«ካርቶኑ 50 በ4 ይላል፤ ስለዚህ 200 ዋት ነው»

እውነተኛው ቁጥር ያለው ከቴፑ ጀርባ ነው። ቴፑን ከክሩስኮቱ ስታወጡት ሶኬቱ አጠገብ አንዲት ትንሽ ፊውዝ ተሰክታ ታያላችሁ፤ በብዙዎቹ ላይ ቀይ ናት፣ 10 ተብሎ ተጽፎባታል። ሞተር ሲሠራ የመኪናው ኤሌክትሪክ 14 ቮልት ገደማ ነው። 10 አምፒር በ14 ቮልት ሲባዛ 140 ዋት ይሆናል። ይህ እንግዲህ ወደ ቴፑ የሚገባው ነው፤ ከእሱም ላይ ብዙው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። የቴፑ ጀርባ ሸንተረር ያለው ብረት የሆነውም ያንን ሙቀት እንዲያስወጣ ነው። 140 ገብቶ 200 ሊወጣ አይችልም። ርካሽም ሆነ ውድ፣ የውስጥ አምፕሊፋየሩ (ድምፅ ማጉያው) በ14 ቮልት የሚሠራ ቴፕ ለአንድ ባለ 4 ኦም ስፒከር ድምፁ ሳይሰነጠቅ የሚሰጠው 20 ዋት አካባቢ ነው። 50 የሚለው «ማክስ» ነው፤ ለቅጽበት የሚደረስበት። ስትገዙ «አርኤምኤስ» ተብሎ የተጻፈውን፣ ማለትም ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ዋት ፈልጉ።

20 ዋት ደግሞ ለቪትዝም ለኮሮላም ይበቃል። ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሯችን «እጥፍ ሆነ» እንዲል 10 ዴሲቤል፣ ማለትም 10 እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ስለዚህ ሶማሌ ተራ ስትዞሩ ሻጩ ዋት ሲጠራላችሁ፣ እናንተ የስፒከሩ ካርቶን ላይ «ሴንሲቲቪቲ» የሚለውን፣ ማለትም ስፒከሩ በተሰጠው ዋት ስንት ዴሲቤል እንደሚጮህ አንብቡ። 92 የሚል ስፒከር 89 ከሚለው ጋር ሲወዳደር፣ ቴፑ ሳይነካ ዋቱን እጥፍ እንዳደረጋችሁ ይቆጠራል።

«ቤዝ የለውም፤ ሳብውፈር ካልገባለት አይሆንም»

ይህን እኔም አምኜ ነበር። አንድ ዲኮር ቤት አዲስ የፊት ስፒከሮች አስገጠምኩ፤ ከቤቱ ስወጣ ቤዙ ከድሮውም አንሶ አገኘሁት። ከሳምንታት በኋላ ስመለስ «ስፒከሩ ትንሽ ስለሆነ ነው፣ ከኋላ ሳብውፈር እናስገባልህ» አሉኝ። ዋጋውን ሰምቼ ተመለስኩ። በማግስቱ እሑድ ከእህቴ ልጅ ጋር ካቻቢቴ ይዘን የግራውን በር ፈታን። የመያዣውን ብሎኖች አወጣንና ክዳኑን ከክሊፖቹ ላቀቅነው።

ያየነውን ልንገራችሁ። ስፒከሩ በሦስት ብሎን ቀጭን የፕላስቲክ ቀለበት ላይ ታስሯል፤ በቀለበቱና በበሩ ብረት መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። ከስፒከሩ በላይ የበሩ ብረት ሁለት መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ አለው። ቀዳዳውን የሚሸፍነው የፋብሪካ ላስቲክ ተቀዶ ተንጠልጥሏል።

ስፒከር ወደ ፊት ሲገፋ ከፊቱ ያለውን አየር ይጨምቃል፤ በዚያው ቅጽበት ከጀርባው ያለውን ይስበዋል። የፊቱና የጀርባው አየር በቀዳዳ ከተገናኙ አንዱ የሌላውን ያጠፋል። በዚህ በጣም የሚጎዳው ቤዝ ነው፤ 50 ኸርዝ የሆነ ድምፅ የሞገድ ርዝመቱ ወደ 7 ሜትር ስለሚጠጋ በበር ቀዳዳ ዞሮ ለመምጣት ምንም አያግደውም። ትሬብሉ (ሹሉ ድምፅ) ግን ሞገዱ አጭር ስለሆነ ወደ ፊት ያመልጣል። በዚህ ምክንያት ነው ቀዳዳ በር ያለው መኪና ጩኸት እንጂ ሙላት የማይኖረው።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። በስፒከሩና በብረቱ መካከል ለስላሳ ስፖንጅ በክብ ቆርጣችሁ አድርጉ። ትልልቆቹን ቀዳዳዎች ለመኪና ተብሎ በሚሸጠው፣ ፊቱ አልሙኒየም ጀርባው የሚጣበቅ ጎማ በሆነው ንጣፍ ድፈኑ። የጣሪያ ሬንጅ ርካሽ ነው ብላችሁ እንዳትሞክሩት፤ ፀሐይ ላይ ይቀልጣል፣ ይሸታል። የመስኮቱ ማውጫ የሚንቀሳቀስበትንም አትንኩ። ከበሩ ሥር ያሉትን ትንንሽ የውኃ መውጫዎች ደግሞ አደራ አትዝጉ፤ በክረምት በመስኮቱ ጎማ በኩል የሚገባው ዝናብ የሚወርደው በእነሱ ነው፤ ከተዘጉ በሩን ዝገት ይበላዋል።

ሁለተኛው ጥፋት ሽቦው ላይ ነበር። የእህቴ ልጅ የግድግዳ ሰዓት ባትሪ አመጣ፤ ያው 1.5 ቮልቱ። የስፒከሩን ሽቦዎች ከቴፑ ለይተን፣ የባትሪውን ፖዘቲቭ ከስፒከሩ ፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቩን ከኔጋቲቩ ጋር ለቅጽበት አነካካን፤ የስፒከሩ ክብ ወደ ውጭ ዘለለ። ትክክል ነው። ቀጥለን ከቴፑ ጀርባ በሚመጡት የሁለቱ በሮች ሽቦዎች ላይ ያንኑ አደረግን። ግራው ወደ ውጭ ወጣ፣ ቀኙ ወደ ውስጥ ገባ። የቀኙ በር ተገላብጦ ነበር የታሰረው! አንዱ ሲገፋ ሌላው እየሳበ ስድስት ሳምንት ነዳሁ። ሁለቱን ሽቦዎች አለዋወጥን። የበሩን ክዳን ሳንመልስ እንኳ ቤዙ መጣ፤ ልጁ ሳቀ።

በር ሳትፈቱም ማወቅ ትችላላችሁ። ቤዝ ያለበት ዘፈን ክፈቱና «ባላንሱን» ከመሀል ወደ አንድ ጎን ጨርሳችሁ ውሰዱት። አንዱ ስፒከር ለብቻው ከሁለቱ የበለጠ ቤዝ ከሰጠ አንዱ ተገልብጧል። ሳብውፈር መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፤ ግን በሩ ሳይደፈንና ሽቦው ሳይስተካከል የገባ ሳብውፈር ከኋላ ይደልቃል እንጂ ከዘፈኑ ጋር አይገጥምም።

«ቤዝም ትሬብልም እስከ መጨረሻ፣ ላውዱም ይብራ»

ቤዙን በ6 ዴሲቤል ከፍ ስታደርጉት ለዚያ ድምፅ 4 እጥፍ ዋት ትጠይቃላችሁ። 5 ዋት ይበቃው የነበረ 20 ይፈልጋል፤ 20 ደግሞ የቴፑ ጣሪያ ነው። ከዚያ በላይ ቮሊዩም ስትጨምሩ አምፕሊፋየሩ የሞገዱን አናት ይቆርጠዋል፤ ዘፋኙ ጉሮሮው የታነቀ የሚመስለው ያኔ ነው። የተቆረጠ ሞገድ ተጨማሪ ሹል ድምፅ ይፈጥራል፣ ያም ሹል ድምፅ በምታወጣው ትንሿ ስፒከር፣ በትዊተሯ ላይ ያርፍና ያቃጥላታል። «ትንሽ ቴፕ ስፒከር አያቃጥልም» የሚባለውም ለዚህ ነው ስህተት የሆነው።

ሁሉንም ወደ ዜሮ መልሱና ጀምሩ። ከበዛው ቀንሱ፤ ከመጨመር መቀነስ ይሻላል። ድምፁ በርሜል ውስጥ ያለ ከመሰለ መካከለኛውን ሁለት ነጥብ ዝቅ አድርጉ። ማሲንቆና የሰው ድምፅ ያሉት እዚያው ስለሆነ ግን ብዙ አትንኩት። ብዙ ርካሽ ቴፖች «ኤችፒኤፍ» የሚል፣ የታችኛውን ቤዝ የሚቆርጥ ማስተካከያ አላቸው፤ ለበር ስፒከሮች 80 ኸርዝ ላይ አድርጉት። የማይችሉትን ቤዝ ስትወስዱላቸው የቀረውን በጥራት ይጫወታሉ፤ ነፃ የሆነ ማሻሻያ ነው። ላውድ ደግሞ የተሠራው ድምፅ ቀንሰን ለምናዳምጥበት ጊዜ ነው፤ ጆሯችን ድምፅ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚጥለው ቤዙን ስለሆነ። ቮሊዩም ከፍ ሲል መጥፋት አለበት።

ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ የሚውሉ የራይድ ሾፌሮች ይህንንም ልብ በሉ፦ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት የጆሮ ልክ ተደርጎ የሚወሰድ ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ 4 ሰዓት ብቻ ነው።

«ትልቅ አንድሮይድ ስክሪን ሲገባ ድምፁም ያምራል»

ስክሪኑ ካርታና ካሜራ ያሳያል። ከጀርባው ያለው አምፕሊፋየር ያችኑ 14 ቮልት ነው የሚጠቀመው። ለስክሪን የሚወጣው ብር ለጥሩ የፊት ስፒከርና ለበር ንጣፍ ቢውል ልዩነቱን ማንም ይሰማዋል።

«ከኋላ ሞላላ ስፒከር ካለ የፊቱ ግድ የለም»

ሙዚቃ መድረኩ ፊት ለፊት ነው። ከኋላ ብቻ ሲመጣ ድምፃዊው ማጅራታችን ላይ የቆመ ይመስላል። በዚያ ላይ የቪትዝ የኋላ መደርደሪያ ቀላል ጣውላ ነው፤ ከባድ ስፒከር ሲጫንበት ራሱ ይንቀጠቀጣል፣ በድንገት ፍሬን ሲያዝም ለተሳፋሪው ጭንቅላት አደጋ ነው። ገንዘቡ ለፊት በር ይሁን። የፊቱንና የኋላውን ስፒከር ድምፅ የሚያመጣጥነውን «ፌደር» ወደ ፊት አምጡ፣ የኋላው ሹክ የሚል ያህል ይቅር። እኛ አገር ሾፌር የሚቀመጠው በግራ ስለሆነ ባላንሱን አንድ ሁለት ነጥብ ወደ ቀኝ ብትወስዱት ድምፃዊው ወደ መስታወቱ መሀል ይመጣል።

«ኤፍኤሙ ይንሻሻል፤ ቴፑ ተበላሽቷል»

መጀመሪያ አንቴናውን እዩ። የኤፍኤም ሞገድ ርዝመት 3 ሜትር ገደማ ነው፤ በደንብ የሚቀበለው አንቴና የዚያ ሩብ፣ 75 ሴንቲሜትር አካባቢ ይሆናል። ብዙዎቻችን ግን ጋራዥ ውስጥ የተሰበረውን ትተን ለጌጥ የሚለጠፍ ባዶ ፕላስቲክ ጣሪያ ላይ እናስቀምጣለን፤ ውስጡ ሽቦ የለውም። ከስታዲየም በለገሃር እስከ ሜክሲኮ የባቡሩ የኮንክሪት ድልድይ ሥር ስትነዱ የሚቆራረጠው ደግሞ ሞገዱ በድልድዩና በሕንፃዎቹ ተጋርዶና ተንፀባርቆ ስለሚመጣ ነው፤ ትንሽ አለፍ ስትሉ ይመለሳል።

ለጃፓን ገበያ የተሠራ ቴፕ ያለው መኪና የገዛ ሰው ችግሩ ሌላ ነው። የጃፓን ኤፍኤም ለረጅም ጊዜ የነበረው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ነው፤ የእኛ ከ88 እስከ 108። ስለዚህ ኤፍኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1 ቴፑ ላይ የሉም። በአንቴናውና በቴፑ መሀል የምትገባዋ መቀየሪያ 20 ሜጋኸርዝ የምትቀንስ ከሆነች ሸገርን 82.1 ላይ ታገኙታላችሁ። ከ96 በታች ያሉት ጣቢያዎች ግን ከ76 በታች ስለሚወድቁ በመቀየሪያዋ አይመጡም። 88–108 የሚቀበል ተራ ቴፕ ይሻላል። ቴፕ መቀየር አለበት የምለው እዚህ ላይ ነው።

«ዘፈን ያው ዘፈን ነው፣ ከየትም ይምጣ»

ቴሌግራም ላይ ከሰው ወደ ሰው የዞረ ዘፈን ብዙ ጊዜ ተጨምቋል። 128 ኪሎቢት የነበረውን ኤምፒስሪ ወደ 320 መለወጥ ፋይሉን ያሳብጠዋል እንጂ የጠፋውን አይመልስም። በሲጋራ መለኮሻው ላይ የምትሰካው የኤፍኤም ማስተላለፊያ ደግሞ ከሁሉ የባሰች ናት፤ መሀል ከተማ የኤፍኤም መስመሩ በጣቢያ ተሞልቶ ባዶ ቦታ ስለማታገኝ ከጣቢያዎቹ ጋር ትጋፋለች። ቴፑ ዩኤስቢ ካለው ጥሩ ፋይል በፍላሽ ስጡት። በብሉቱዝ ወይም በአውክስ ከሆነ የስልኩን ድምፅ ከጫፍ ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ የቀረውን በቴፑ ጨምሩ።

«በሩ ካንቀጠቀጠ ድምፁ ጠንካራ ነው»

የሚንቀጠቀጥ በር ለስፒከሩ የተሰጠውን ጉልበት እየሰረቀ የራሱን ጩኸት ይጨምራል። እኔ የምፈትነው በበገና ነው። በገና 10 አውታር አለው፤ በአውታሩና በብርኩማው መካከል የሚገባው እንዚራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ነው ያንን ጥልቅ ንዝረት የሚሰጠው። ንዝረቱ የመሣሪያው ነው ወይስ የበሩ? ሞተር አጥፉ፣ በገናውን በመጠኑ ክፈቱ፣ መዳፋችሁን በበሩ ፕላስቲክ ላይ እየጫናችሁ ዙሩ። ስትጫኑት ድምፁ የሚጠራበት ቦታ ሁሉ ልቅ ነው፤ ከጀርባው ስፖንጅ ይፈልጋል። የክሊፕ ጎዶሎ ከሆነ ክሊፕ ግዙ። ከታርጋውም ጀርባ ሁለት ቁራጭ ስፖንጅ ለጥፉ። እንደገና አዳምጡ፤ እጃችሁን አንስታችሁም ሳትጫኑም የሚነዝረው እንዚራው ብቻ ሲሆን የበሩን ብሎኖች አጥብቁ።