ወጪ መጋራት ምንድን ነው? «ነፃ ትምህርት ቀረ» ለሚሉን

ሰሞኑን አንድ ተንታኝ በቴሌቪዥን ቀርቦ «ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ እየሆኑ ስለሆነ አሁን ወጪ መጋራት ሊመጣ ነው፣ ነፃ ትምህርት ቀረ ማለት ነው» ሲል «ኧረ በሕግ!» አልኩ፣ ለቴሌቪዥኑ። ባለቤቴ ደግሞ ምን ሆነ ብላ ከጓዳ ወጣች። ነገሩን አንዴ ሁለቴ ሰምቼ ቢሆን ባለፍኩት። ግን በታክሲ ውስጥ፣ በለቅሶ ቤት ድንኳን፣ በመሥሪያ ቤታችን ሻይ ክበብ፣ በየሄድኩበት ይኸው ነው።

ደመወዝ ሠሪ ነኝ። ከወር እስከ ወር የሰው ደመወዝ ላይ የምቀንሰውን እየቀነስኩ የምኖር ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ወጪ መጋራትን ከአዋጁ በፊት የማውቀው ከፔሮሉ፣ ከደመወዝ መክፈያው ሠንጠረዥ፣ ዓምድ ነው። ገቢ ግብር፣ ጡረታ፣ ከዚያ «ኮስት ሼሪንግ» የሚል ጠባብ ዓምድ አለ። ያ ዓምድ ትናንት አልተከፈተም። ወጪ መጋራት የመጣው በ1995ቱ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351 እና እሱን ተከትሎ በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 ሲሆን ሥራ ላይ የዋለው ከ1996 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ነው። ነፃ ትምህርት ቀረ ከተባለ የቀረው ያኔ ነው። ያኔ የገቡት ልጆች ዛሬ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት እያደረሱ ነው።

ደንቡ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ተማሪ የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ የትምህርቱን ደግሞ ቢያንስ 15 ከመቶ ይሸፍናል። ሲማር ግን ምንም አይከፍልም፣ ውል ይፈርማል እንጂ። ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 ከመቶ እየተቀነሰ ቢበዛ በ15 ዓመት ያጠናቅቃል። አስተማሪ የሆነ በገንዘብ ሳይሆን በአገልግሎት ይከፍላል። አቅም ያለው ቀድሞ ከከፈለ ቅናሽ አለው።

እንግዲህ ነገሩን በዕቁብ አስቡት። ዕቁብ ገብተህ በመጀመሪያው ዙር ዕጣው ወጣልህ እንበል። ገንዘቡን በላህ፣ ከዚያ በኋላ በየወሩ ትጥላለህ። የወጣለት ሰው «ዕቁቡ በነፃ ደረሰኝ» አይልም፤ «ዕቁቡ ገንዘቤን ዘረፈኝ» ቢልም ይሳቅበታል። ወጪ መጋራት ልክ እንደዚህ ቀድሞ የተበላ ዕቁብ ነው። አራት ዓመት ተምረህ፣ በልተህ፣ ተኝተህ ዕጣህን ወስደሃል። ከምርቃት በኋላ መጣል ትጀምራለህ። ዳኛው የገቢዎች መሥሪያ ቤት ነው፤ ጸሐፊው እኔ ነኝ፣ ማንም የማይወደው። ዋሱ ደግሞ ራሱ ዲግሪህ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ዕቁቡ ግን እዚህ ጋ አንድ እንግዳ ነገር አለበት። በእውነተኛ ዕቁብ የሚጥለውም የሚበላውም ያው አባሉ ነው። እዚህ ግን የትምህርቱን እስከ 85 ከመቶ የሚጥሉት ዕጣ የማይደርሳቸው ሰዎች ናቸው፤ ልጇን ዩኒቨርሲቲ ያላደረሰች የጉልት ነጋዴ ዕቃ በገዛች ቁጥር የምትከፍለው ግብር አለበት። ስለዚህ «መንግሥት በነፃ አስተማረህ» ተብሎ ሲነገረው የሚቆጣ ምሩቅ ግማሽ እውነት አለው፤ «እኔ ከፍዬ ነው የተማርኩት» ብሎ ደረቱን የሚነፋውም ግማሽ እውነት ነው ያለው። ቃሉ «መጋራት» የሆነው ለዚህ ነው። ተጋርተናል፣ በቃ። እኩል ግን አልተጋራንም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር። ተንታኙ «ወጪ መጋራት» ያለው ሌላ ነገር ለማለት ፈልጎ ነው፤ ክፍያ ለማለት። ሁለቱ በአንድ ቅርጫት አይገቡም። በአዋጅ ቁጥር 1294/2015 መሠረት ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ መሆን ጀመሩ፣ የመጀመሪያውም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ራስ ገዝነት በዋናነት የአስተዳደር ነገር ነው። ሠራተኛ ማን ይቅጠር፣ ደመወዝ ማን ይወስን፣ ተማሪ በምን ፈተና ይገባል፣ ገንዘቡን ማን ያዝበታል የሚለውን ከሚኒስቴር ወደ ተቋሙ ቦርድ ያመጣል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የራሱን መግቢያ ፈተና መስጠት የጀመረው በዚህ ሥልጣን ነው። በመንግሥት ስፖንሰርነት የሚገባም፣ በራሱ ወጪ የሚማርም ተማሪ አለው።

በራሱ ወጪ የሚማረው ከፋይ ነው። ከፋይ ማለት ሴሚስተሩ ሲጀመር ባንክ ሄዶ ከኪሱ፣ ማለትም ከአባቱ ኪስ፣ የሚያስገባ ነው። ወጪ ተጋሪ ደግሞ ከራሱ የወደፊት ደመወዝ የሚከፍል ነው። ልዩነቱ ማን ይክፈል፣ መቼ ይክፈል የሚለው ነው፤ እሱ ደግሞ ትንሽ ልዩነት አይደለም። የገበሬ ልጅ መቼም ከወደፊት ደመወዙ ይከፍላል፣ ካገኘ። ከአባቱ በሬ ግን በየሴሚስተሩ ሊከፍል አይችልም። ሁለቱን በአንድ ስም የጠራ ተንታኝ ክርክሩ ሁሉ የሚያርፍበትን ነገር ደምስሶ ነው የሚጀምረው። ስለ ራስ ገዝነት ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ «ነፃ ትምህርት ቀረ ወይ?» አይደለም። «ከውሉ መደብ ወደ ኪሱ መደብ ስንት ልጅ እየተዛወረ ነው?» ነው። እሱን ሲጠይቅ አልሰማሁትም።

ደግሞ «ብድር ነው» እና «ግብር ነው» የሚሉ ሁለት ወገኖች አሉ። ይሄኛው ስህተት በከፊል የሕጉ ጥፋት ነው፣ ምክንያቱም ደንቡ ራሱ የምሩቃን ግብር የሚል ስም ሰጥቶታል። እውነተኛ የምሩቃን ግብር ቢሆን ደመወዝ እስካለህ ድረስ በቀጠለ ነበር፤ ቀሪ ሒሳብ የሚባል ነገር አይኖረውም። የእኛው ግን ውል ላይ የተጻፈው ድምር ሲያልቅ ዓምዱ ይዘጋል። ስለዚህ በይዘቱ ከገቢ የሚከፈል ብድር ነው፣ ስሙ ብቻ ግብር ነው። እንዲህ ያለውን አሠራር በሰፊው የጀመረችው አውስትራሊያ ናት፣ በ1989 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር። ሜልበርን ዘመድ ያላችሁ ጠይቁት፣ እዚያ ደመወዝህ የተወሰነ ወለል ካላለፈ ምንም አይቆረጥም፤ ወለሉም በ2025 ወደ 67,000 የአውስትራሊያ ዶላር ከፍ ብሏል፣ የነበረውም ዕዳ በ20 ከመቶ ተቀንሷል። የእኛ 10 ከመቶ ግን ከመጀመሪያዋ ብር ነው የሚጀምረው።

ይህንን በመስኮቴ በኩል አየዋለሁ። አዲስ የተቀጠረች ልጅ የመጀመሪያ ደመወዟን ወስዳ ወረቀቷን ይዛ ትመጣለች።

«ጋሼ፣ ይቺ አንድ ሺህ ምንድን ናት?»

«ኮስት ሼሪንግ ናት፣ የኔ ልጅ።»

«እኔ እኮ የመንግሥት ተማሪ ነበርኩ! አልከፈልኩም!»

«ለዚያ እኮ ነው።»

ሒሳቡን ልጻፍላችሁ። ለሒሳቡ እንዲመች ደመወዟ 10,000 ብር ይሁን። በ2017ቱ ማሻሻያ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከገቢ ግብር ነፃ ነው፤ በላዩ ላይ ከ15 እስከ 25 ከመቶ ሲሰላ ግብሯ 1,650 ይሆናል። ጡረታ 7 ከመቶ፣ 700። ኮስት ሼሪንግ 1,000። እጇ የሚገባው 6,650 ብር። ልብ በሉ፣ ገቢ ግብሩ የመጀመሪያውን 2,000 ብር ይምርላታል፤ ኮስት ሼሪንጉ ግን አይምርም። (ለሙያ ባልደረቦቼ፦ 10 ከመቶው ከግብር በኋላ ከሚተርፈው ላይ ነው የሚሰላው ብላችሁ የምትሠሩ አላችሁ። ደንቡ ከወር ገቢ ይላል። ልጅቷን የጠቀማችሁ መስሏችሁ ዕዳዋን ነው የምታስረዝሙባት።)

ከዚህ ሁሉ በላይ ማንም ያላየው ነገር ደግሞ ምሳ ላይ ነው ያለው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት ለረጅም ዘመን 15 ብር ነበር፤ ከዚያ 22 ሆነ፤ በ2017 ዓ.ም. 100 ብር ገባ። ሁላችንም እሰይ ብለናል፣ እኔም ብያለሁ፤ በ22 ብር ቁርስ፣ ምሳና እራት መብላት ምን እንደሚመስል የካፌ ሽሮ የቀመሰ ያውቀዋል። ግን ደንቡን ልብ በሉ፣ የምግብ ወጪ ሙሉ በሙሉ የተማሪው ድርሻ ነው። የዓመቱን ትምህርት በአሥር ወር ብንይዘው፣ በ22 ብር የዓመቱ ቀለብ 6,600 ብር ነበር፣ ለአራት ዓመት 26,400። በ100 ብር ደግሞ የዓመቱ 30,000፣ የአራት ዓመቱ 120,000 ብር ይሆናል። መኝታውና 15 ከመቶው ገና አልተደመሩም።

ያቺ 10,000 ብር የምታገኝ ልጅ የድሮውን ቀለብ በሁለት ዓመት ከጥቂት ወር ትጨርሰው ነበር። አዲሱን በዚያው ደመወዝ ለመጨረስ አሥር ዓመት ይፈጅባታል። ደመወዙ 5,000 የሆነ ደግሞ በ10 ከመቶ ሃያ ዓመት ይፈልጋል፣ ጣሪያው 15 ስለሆነ ከ10 ከመቶ በላይ ሊቆረጥበት ነው። «ቢያንስ» የምትለዋ ቃል ደንቡ ውስጥ የተቀመጠችው ለጌጥ አይደለችም። ደመወዝ እያደገ መሄዱ ነገሩን ያቀልለዋል፣ እሱንም መርሳት የለብንም፤ በ15 ብር ዘመን የፈረመ ሰው ዛሬ ዕዳውን በአንድ ወር ደመወዝ ሊዘጋ ይችላል። የብር ዋጋ መውደቅ ለእሱ በጎ ዋለለት። አሁን የሚፈርመው እንደዚያ ይገጥመው እንደሆነ ማንም ዋስ አይሆነውም።

በዕቁብ ቋንቋ፣ ዕጣው አድጓል፤ ስለዚህ የሚጣለውም አብሮ አድጓል። ግን ለአባላቱ የተነገራቸው የዕጣው ማደግ ብቻ ነው። በየዓመቱ መጀመሪያ የሚሞላው ቅጽ ላይ ፎቶ ይለጠፋል፣ የእናት ስም ይጻፋል፣ ምግብ በዓይነት ወይስ በገንዘብ የሚለው ላይ ምልክት ይደረጋል፤ ነን ካፌ የሚሆነው፣ ማለትም ከግቢው ካፌ የማይበላው፣ «በገንዘብ» ላይ ያደርጋል። ከታች የድምሩ ቦታ አለ። የሬጅስትራር ሰልፍ ላይ ቆሞ ያንን ድምር ያነበበ ተማሪ አላጋጠመኝም። እኔም በጊዜዬ አላነበብኩም፤ ከፊቴ የነበረው ልጅ እስክሪብቶዬን ወስዶብኝ እሱን ነበር የምፈልገው።

ስለ ዋሱ ቃል ገብቼ ነበር። ምሩቁ ቴምፖራሪ (ጊዜያዊ የምርቃት ማስረጃ) እና ስቱደንት ኮፒ (የውጤቱ ግልባጭ) ይሰጠዋል፤ ኦርጅናል ዲግሪው ግን ዕዳው እስኪዘጋ ይቆያል። ስለዚህ ብዙ ሰው ዕዳ እንዳለበት የሚያስታውሰው ውጭ አገር ለመማር ወይም ለመሄድ ሲነሳ ነው። ሥራ በአግባቡ ይዞ በየወሩ የሚቆረጥበት ሰው ተጎጂ አይደለም፤ ተጎጂው ሥራ ያላገኘው ነው። ደመወዝ የለውም፣ ስለዚህ አይቆረጥበትም፤ ዲግሪው ስላልወጣ ደግሞ ኦርጅናል የሚጠይቅ ቀጣሪ ዘንድ አይቀርብም። ዕቁብ ላይ ቢሆን ዳኛው ሰብስቦ «ይህ ልጅ ታሟል፣ ትንሽ እንታገሠው» ይል ነበር። ይህ ዕቁብ ሽማግሌ የለውም።

አንድ ነገር ብቻ ከሙያዬ፣ ማንም ባይጠይቀኝም። ቀጣሪህ በየወሩ ቆርጦብህ ለገቢዎች ሳያስገባ የቀረ ይሆናል፤ አጋጥሞኛል፣ ከአንድ ጊዜ በላይ። ክሊራንስ፣ ዕዳ የለበትም የሚለውን ወረቀት፣ ልትወስድ ስትሄድ ኮምፒውተሩ የሚያየው የገባውን ነው፣ የተቆረጠብህን አይደለም። መሥሪያ ቤት በቀየርክ ቁጥር እስከዚያ ወር የተቆረጠውን ድምር የሚገልጽ፣ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ሳትይዝ አትውጣ። ፔይስሊፕህንም አትጣል። ለዚያች ልጅም የነገርኳት ይህንኑ ነው። ወረቀቷን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና፣ «እና ጋሼ፣ ዲግሪዬ አሁን የት ነው ያለው?» አለችኝ።

«አንድ ካቢኔት ውስጥ» አልኳት።