ወደ ዳናክል መውረድ፦ የአፋር በረሃ ጉዞ ከጨው መንገድ እስከ ኤርታሌ

ስለ ዳናክል ጉዞ በአማርኛ አንድ ላይ የተሰበሰበ ጽሑፍ ፈልጌ አጣሁ። ያለው በአብዛኛው የአስጎብኚ ማስታወቂያ ነው፤ ሁለት መስመር ጽፎ ዋጋ ይጠራል። ስለዚህ ያገኘሁትን እዚህ አሰባስቤዋለሁ። የጨው ንግዱና የድሮ አሳሾች ነገር ስለሚስበኝ ጽሑፉ ወደዚያ ያደላል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ዳናክል በአፋር ክልል ሰሜን ያለ ረባዳ ነው። ከባህር ጠለል በታች 125 ሜትር ይወርዳል፤ 116 የሚል ልኬትም አለ። ድሮ የቀይ ባህር ውሃ ይገባበት ነበር። ባህሩ ሲሸሽ ጨው ተረፈ፤ ዛሬ መኪና የሚነዳበት ነጭ ሜዳ ያ ነው። የተለመደው ጉዞ ከ2 እስከ 4 ቀን ይፈጃል። ከመቀሌ ተነስቶ በበርሃሌ አድርጎ ሐመዴላ ይገባል፣ ወይም ከሰመራ ተነስቶ በአፍዴራ በኩል ይሄዳል። ከመቀሌ የሚነሳ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ከ2,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ጠዋት የለበሰውን ጃኬት በርሃሌ ሳይደርስ ያወልቃል።

ብዙው ሰው የሚመጣው ረባዳው ውስጥ ላለው ባለቀለም የፍል ውሃ ሜዳ፣ ለዳሎል ነው። ከ1960 እስከ 1966 በተያዘው መዝገብ የዳሎል የዓመት አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ነበር። ይህ ሌሊቱም ቀዝቃዛ የሚባሉት ወሮችም ተደምረው ነው። ሰው በኖረበት ቦታ ከዚህ የበለጠ አማካይ በዓለም አልተመዘገበም። ከታች የሚፍለቀለቀው ጨዋማ ፍል ውሃ ድኝና ብረት ይዞ ይወጣል፤ ቢጫው፣ አረንጓዴው፣ ዝገት የመሰለው ቀይ ከዚያ ይመጣል። ውሃው አሲድ ነው፤ በአንዳንዱ ኩሬ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፣ ባነሰ ቁጥር አሲዱ ይበረታል) ከዜሮ በታች ይወርዳል። መንገድ መሪው የረገጠበትን እየረገጡ መሄድ የግድ ነው፤ ከላይ ጠንካራ መስሎ ከስር ባዶ የሆነ የጨው ቅርፊት አለ። እዚያ ውሃ ውስጥ ሕይወት አለ ወይስ የለም በሚለው ተመራማሪዎች አልተስማሙም። በ2019 አንዱ ቡድን እጅግ ደቃቅ ተሕዋስያን አገኘሁ ሲል፣ ሌላው ደግሞ በጣም አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ምንም የለም አለ። ክርክሩን ለእነሱ ልተወው።

ቱሪስት ከመምጣቱ በፊት ይህ መንገድ የጨው መንገድ ነበር፣ ዛሬም ነው። ከአሳሌ ሀይቅ ዳር የሚወጣው አሞሌ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በአገራችን ገንዘብ ሆኖ ሰርቷል። በጎንደር ገበያ፣ በጎጃም፣ በሸዋ ሰው ከማርትሬዛ ብር ጎን አሞሌ ይመነዝር ነበር። ሥራው ብዙ አልተለወጠም። አንዳንዶቹ ረጅም እንጨት ስንጥቁ ውስጥ ከተው በጉልበት ጨውን ከመሬት ይፈነቅላሉ፤ ሌሎቹ ቁጢጥ ብለው በትንሽ መጥረቢያ እየጠረቡ እኩል ያደርጉታል። በዓይናቸው ብቻ ነው የሚለኩት፣ ግን አንዱን አሞሌ ከሌላው መለየት ይቸግራል። ከዚያ በገመድ ታስሮ ግመል ላይ ይጫናል። ትግርኛ ተናጋሪዎቹ ነጋዴዎች ይህን የጨው ጉዞ አርሆ ይሉታል። ቅፍለቱ ድሮ እስከ መቀሌ ይወጣ ነበር፤ አስፋልት ከገባ ወዲህ ግን ብዙው ጨው በርሃሌ ላይ ለመኪና ይተላለፋል። ፎቶ ማንሳት የፈለገ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ሰዎቹ ሥራ ላይ ናቸው።

ከውጭ የመጡት አሳሾች ታሪክ በደንብ ተጽፏል፤ የጻፉት ግን ራሳቸው ናቸውና አፋሮቹ እዚያ ውስጥ ሁልጊዜ እንደ አደጋ ነው የሚታዩት። በ1875 ለግብፅ ያገለግል የነበረው ስዊዘርላንዳዊ ሙንዚንገር ጦር ይዞ ወደ አፋሮቹ ሱልጣኔት ወደ አውሳ ሲያመራ ተገደለ። በ1881 ጣሊያናዊው ጁሊዬቲ፣ በ1884 ደግሞ ቢያንኪ በረሃው ውስጥ ቀሩ። በ1928 ኔዝቢት የተባለ አሳሽ ከሁለት ጣሊያኖች ጋር ከአዋሽ ተነስቶ ረባዳውን ከደቡብ እስከ ሰሜን አቋረጠ፤ በፈረንጆቹ መዝገብ የመጀመሪያው ይባላል። አፋሩ ከነግመሉ ስንት ጊዜ እንዳቋረጠው የቆጠረ የለም። አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ አሳሽ ቴሲጀር ደግሞ አዋሽ የት እንደሚያልቅ ለማየት በ1933 ተነሳ። ጠመንጃ ነበረው፤ ያሳለፈው ግን የአውሳው ሱልጣን መሐመድ ያዮ ፈቃድ ነው። ሱልጣኑ ጫካ ውስጥ በጨረቃ ብርሃን አግኝቶት፣ ከብዙ ጥያቄ በኋላ ማለፍ ፈቀደለት። በ1934 የወንዙን መጨረሻ አቤ ሀይቅን አየ።

በመሃሉ ጣሊያኖች ከኤርትራ ጠረፍ ወደ ዳሎል አቅጣጫ ለፖታሽ (ለማዳበሪያ የሚውል ማዕድን) ብለው የባቡር ሀዲድ ዘርግተው ነበር፤ የዚያ ዘመን የዝገት ቁርጥራጭ አሁንም ይታያል።

ኤርታሌ በአፋርኛ የሚጨስ ተራራ ማለት ነው። ቁመቱ 613 ሜትር ብቻ ነው፤ የሚያደክመው ሙቀቱ ነው። በዚህ የተነሳ ለብዙ ዓመት ጉዞው ማታ ነበር የሚጀመረው። እራት ተበልቶ፣ ፍራሽና ውሃ ግመል ላይ ተጭኖ፣ ባትሪ እያበሩ ከ3 እስከ 4 ሰዓት የእግር መንገድ። ጫፍ ላይ ሲደርሱ የሚንተከተክ የላቫ ሀይቅ ነበር። በጥር 2017 ሀይቁ ሞልቶ ፈሰሰ፣ ተራራው ጎኑ ላይ ተሰነጠቀ፣ ሀይቁም ወደ ታች ዘቀጠ። ከዚያ ወዲህ አንዳንዴ ላቫው ይታያል፣ አንዳንዴ ጭስ ብቻ ነው። ስለዚህ የላቫ ሀይቅ በእርግጠኝነት ታያላችሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት። በሐምሌ 2025 ኤርታሌ እንደገና ፈነዳ። በኅዳር 2025 ደግሞ ጎረቤቱ ሃይሊ ጉቢ፣ ለሺዎች ዓመታት መፈንዳቱ የማይታወቀው ተራራ፣ አመዱን እስከ ሕንድ ሰማይ ሰደደ። አፍዴራ አካባቢ ያለው አርብቶ አደር ግጦሹ አመድ ለበሰበት።

የጸጥታውን ነገር መደበቅ ተገቢ አይደለም። በ2007 የውጭ ዜጎችና ኢትዮጵያውያን ታግተው ነበር። በጥር 2012 ኤርታሌ ላይ 5 አውሮፓውያን ቱሪስቶች ተገደሉ፣ ሌሎችም ታገቱ። የኢትዮጵያ መንግሥት ኤርትራን ከሰሰ፣ ኤርትራ ደግሞ አስተባበለች። በታኅሣሥ 2017 አንድ ጀርመናዊ ተገደለ። ከኅዳር 2020 በኋላ በጦርነቱ ምክንያት ጉዞው ቆሞ፣ ከፕሪቶሪያው ስምምነት ወዲህ ቀስ በቀስ ተመልሷል። አፋር እንግዳውን አሳልፎ አይሰጥም፤ ይህን ያየሁት ስለሆነ በሙሉ አፌ እናገራለሁ።

ለመሄድ የክልሉ ፈቃድ፣ የአፋር መሪና የታጠቀ አጃቢ ያስፈልጋል፤ መኪናዎቹም በአብዛኛው ተከታትለው ነው የሚሄዱት። የሚሻለው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ውሃ ከሚመስላችሁ በላይ ያዙ። ጫማ የሚጨክኑበት አሮጌ ይሁን፤ ጨውና አሲዱ ይበላዋል። ሐመዴላ ላይ የሚታደረው ሜዳ ላይ ጠፍር አልጋ ዘርግቶ ነው። ሌሊት ትኩስ ነፋስ ይነሳል፣ አሸዋው አንሶላ ውስጥ ይገባል፣ ቀና ስትሉ ግን ሰማዩ በኮከብ ተሞልቷል።

መንገድ ላይ ሁለት አፋሮች ሲገናኙ መሪያችሁ መኪና አስቁሞ ይወርዳል። ቁጭ ብለው ቀስ እያሉ ይነጋገራሉ፤ ይህ ዳጉ ነው። የት ዘነበ፣ የትኛው ጉድጓድ ደረቀ፣ ማን አለፈ፣ የትኛው መንገድ ጭቃ ሆነ፣ ሁሉም በተራ ይነገራል። የሰማውን ማዛባት ነውር ነው። አትቸኩሉ፣ ጥላ ፈልጋችሁ ጠብቁት። እኛ በሄድንበት ጊዜ ሹፌሩ አስቦት የነበረው መንገድ በጎርፍ መቆረጡን የሰማነው ከአንድ ግመል ነጂ ነው፤ መሪያችን ተመልሶ ገባ፣ በእጁ ወደ ግራ አመለከተ፣ ዞረን ሄድን።