«ታዲያ ምን ሠርቶ ይበላል?» ስለ አካል ጉዳተኝነትና ሥራ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከደጀን እስከ ባሕር ዳር በየትኛውም ከተማ ቡና ላይ ተቀምጣችሁ «የእገሌ ልጅ ዓይነ ስውር ሆኖ በኮምፒውተር ይሠራል» ብላችሁ አውሩ። አንዱ «ተው እንጂ!» ይላል። ሌላው «ደመወዝም ይከፈለዋል?» ብሎ ይጠይቃል። ቀስ ብላ አንዲት እናት ትጠጋና «የኔም ልጅ እንዲሁ ናት፤ ለእሷም ይሆን?» ትላለች። ይህን የምጽፈው በዋናነት ለእነዚያ እናቶችና ለልጆቻቸው ነው። ሠራተኛ የሚቀጥሩ ሰዎችም ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

«ዓይነ ስውር በኮምፒውተር ሊሠራ አይችልም»

ይህን ጎጃም ውስጥ መስማት ሁሌም ይገርመኛል። ዋሸራና ጎንጅ የሚታወቁት በቅኔ ነው። በጉባኤ ቤቶቻችን ዓይነ ስውር መምህር ብርቅ አይደለም። ግሱን በቃሉ፣ አገባቡን በቃሉ ይዞ የዓይናማውን ተማሪ ቅኔ ያርማል። ለእንዲህ ያለው መሪጌታ ልጁን አምኖ የሚሰጥ ሰው፣ ዓይነ ስውር የሒሳብ ሠራተኛ ሲመጣበት ለምን እንደሚጠራጠር አይገባኝም። በጆሮ መማር፣ በጆሮ መሥራት እኛ ዘንድ የቆየ ነገር ነው።

ስክሪን ሪደር የሚባለው ሶፍትዌርም የሚሠራው በጆሮ ነው። በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ እያነበበ በድምፅ ይናገራል። በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ኤንቪዲኤ የሚባለው በነፃ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራውን የጀመሩት አውስትራሊያውያን ራሳቸው ዓይነ ስውራን ናቸው። አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የተባለ የድምፅ ሞተር አማርኛም ያነባል። ድምፁ የማሽን ድምፅ ነው፤ መጀመሪያ ጆሮ ይከብዳል፣ ከዚያ ይለመዳል። በአንድሮይድ ስልክ ላይ ቶክባክ አለ፣ በአይፎን ደግሞ ቮይስኦቨር። ሁለቱም ከስልኩ ጋር ይመጣሉ፤ የሚከፈልባቸው ነገር የለም። የለመደ ተጠቃሚ ፍጥነቱን በጣም ስለሚጨምረው አጠገቡ የተቀመጠ ሰው አንድ ቃል እንኳ ላይዝ ይችላል። ስክሪኑን ጨርሶ አጥፍቶም መሥራት ይችላል። መብራት በሄደ ቀን ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም፤ ባትሪ ይቆጥባል።

ታዲያ ሰዎቹ የት ላይ ነው የሚያዙት? አብዛኛውን ጊዜ እኛ በምንልከው ፋይል ላይ።

የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ እንዴት እንደሚወጣ አስቡት። ወረቀቱ ይታተማል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ አንድ ሰው በስልኩ ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ይለቀዋል። ማየት ለሚችል ሰው ይበቃል። ለዓይነ ስውሩ ግን ስልኩ የሚነግረው «ፎቶ» ብሎ ብቻ ነው። የሥራ መደቡ፣ ደመወዙ፣ የመመዝገቢያው ቀን ሁሉ እዚያ ፎቶ ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል። ሰውየው ለሥራው የማይመጥን ሆኖ አይደለም። ማስታወቂያው አልደረሰውም።

ከዚህ የባሰው የድሮው የአማርኛ ፎንት ነው። ብዙ መሥሪያ ቤት እስከ ዛሬ በቀድሞው ቪዥዋል ግዕዝ ይጽፋል። በእነዚህ ፎንቶች ዓይን የሚያየው ፊደላችንን ነው፣ ኮምፒውተሩ ግን ከሥር የላቲን ፊደልና ምልክት ነው ያስቀመጠው። ስክሪን ሪደሩም የሚያነበው ያንን ዝብርቅርቅ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው፣ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ ወዲህ በዩኒኮድ ላለመጻፍ ምክንያት የለንም። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ ከደብዳቤው አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ፔስት አድርጉት። አማርኛ ሆኖ ከመጣ ደህና ነው። የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ከመጣ ግን ዓይነ ስውሩም የሚሰማው እሱኑ ነው።

ፎቶውን መልቀቅ የፈለገ ይልቀቅ፤ ከሥሩ ግን ጽሑፉን በዩኒኮድ ይጨምርበት። አምስት ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።

«የአካል ጉዳተኞች ጉዳይ የእርዳታ ሥራ ነው፣ ሙያ አይባልም»

አካል ጉዳተኝነት ሲነሳ የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ምጽዋት ይሄዳል። እዚህ ግን የማወራው ደመወዝ ስለሚከፈልበት ሙያ ነው።

አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የማውቀው ዓይነ ስውር ወጣት የገንዘብ መላኪያ አፕ ሲሞክር አጠገቡ ተቀምጬ አይቻለሁ። ጣቱን ስክሪኑ ላይ ያንሸራትታል። ስልኩ «በተን… በተን… በተን» ይላል። የትኛው «ላክ» እንደሆነ፣ የትኛው «ሰርዝ» እንደሆነ የሚነግረው የለም። አፑን የሠሩት ሰዎች በተኖቹ ላይ ሥዕል አድርገዋል፣ ስም ግን አልሰጧቸውም። ወጣቱ አልተናደደም። እንዲህ ብሎ መዘገበ፦ «ሦስተኛው ገጽ ላይ ያሉት ሦስት በተኖች ስም የላቸውም። የቶክባክ ተጠቃሚ ብር ይላክ ይሰርዝ አያውቅም። ለእያንዳንዱ በተን የጽሑፍ መለያ ይሰጠው። ችግሩ ገንዘብ ስለሚነካ ቅድሚያ ይፈልጋል።» ሥራው ይህ ነው፦ ችግሩን ማግኘት፣ የት እንዳለ ማሳየት፣ ማንን እንደሚጎዳ መናገር፣ መፍትሔውን መጻፍ። ይህን የሚሠራ ሰው የተደራሽነት ሞካሪ ይባላል፤ አካል ጉዳተኛው ያለ ችግር ሊጠቀምበት መቻሉን የሚፈትሽ ማለት ነው። ስክሪን ሪደርን በየቀኑ የሚጠቀም ሰው በዚህ ሥራ ከዓይናማው ይቀድማል።

ሥራው በስሜት አይመራም፣ መለኪያ አለው። ደብሊውሲኤጂ የሚባለው ዓለም አቀፍ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ 2.2 የተባለው እትም በ2023 ወጥቷል። ለምሳሌ በተለመደው መስፈርት፣ መደበኛ መጠን ያለው ጽሑፍ ከጀርባው ቀለም ጋር ያለው ንፅፅር ቢያንስ 4.5 ለ1 መሆን አለበት። የአውሮፓ ኅብረት የተደራሽነት ሕግም እ.ኤ.አ. ከጁን 28 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። የባንክ አገልግሎትን፣ የኦንላይን ሽያጭን፣ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍን ይነካል። በአውሮፓ ገበያ የሚሸጡ ድርጅቶች ይህን የሚፈትሽላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ደግነት ይዟቸው አይደለም፣ ሕግ ይዟቸው ነው።

ሌላም ሥራ ሞልቷል። ለቪዲዮ የአማርኛ ጽሑፍ ማዘጋጀት፣ ፒዲኤፍን በስክሪን ሪደር እንዲነበብ አድርጎ ማስተካከል፣ መጽሐፍን በጣት ዳሰሳ ወደሚነበበው ብሬል መቀየር፣ የምልክት ቋንቋ ማስተርጎም፣ የሕንፃዎችን መግቢያና መጸዳጃ ቤት መፈተሽ፣ በድርጅቶች ውስጥ ማንም እንዳይገለል የሚሠራ የአካታችነት ባለሙያ መሆን። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በልዩ ፍላጎትና አካታች ትምህርት ያስተምራል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ፊዚዮቴራፒስቶችን ያሠለጥናል። በእነዚህ ሙያዎች ለመሠማራት አካል ጉዳተኛ መሆን ግዴታ አይደለም። ነገር ግን አካል ጉዳተኛ ባለሙያ አንድም የሌለበት «የአካታችነት ክፍል» ሳይ ልቤ አያምነውም።

«ከቤት ሆኖ መሥራት ከተቻለ ችግሩ ተፈታ»

የርቀት ሥራ ብዙ በር ከፍቷል፣ እውነት ነው። ክራንች ይዞ በክረምት ጭቃ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው፣ ቤቱ ተቀምጦ ደመወዝ ማግኘትን አይንቅም። በምሥራቅና ምዕራብ ጎጃም ዝሆኔ የብዙ ሰው ችግር ነው። በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በመሄድ የሚመጣ የእግር እብጠት ነው። በደብረ ኤልያስና በደምበጫ በተደረገ ጥናት ከ15 ዓመት በላይ ከሆኑት ሰዎች ውስጥ 3.3 በመቶ ያህሉ ተገኝቶባቸዋል። እግሩ ያበጠ ሰው አካል ጉዳተኛ ተብሎ ብዙም አይቆጠርም። ረጅም መንገድ መሄድና ቀኑን ሙሉ መቆም ግን ያቅተዋል። ለእሱ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ትልቅ ነገር ነው።

ቢሆንም ሁለት ነገር እፈራለሁ።

አንደኛው፣ የርቀት ሥራ ሰበብ እንዳይሆን ነው። «አንተ ከቤት ሥራ» ማለት ለአንዳንድ አሠሪ ደረጃው ላይ ራምፕ (የዊልቸር ተዳፋት መውጫ) ከመሥራት ይቀለዋል። አካል ጉዳተኛ ልጅን ከቤት አለማውጣት በአገራችን የቆየ ችግር መሆኑን አንርሳ። ከቤት መሥራት ሰውየው ሲመርጠው ነው የሚያምረው። ስብሰባው፣ ሥልጠናው፣ የደረጃ እድገቱ፣ የቡና ሰዓት ወሬው ቢሮ ውስጥ ከሆነ፣ እቤት የቀረው ሰው ከሁሉም ይጎድላል።

ሁለተኛው ኢንተርኔቱ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦብን ያሳለፍነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለዚህ ጎጃም ሆኖ የርቀት ሥራ የሚዋዋል ሰው ከመፈረሙ በፊት ይናገር፦ መስመር ሲጠፋ እንዴት እንደሚገናኙ፣ የማስረከቢያው ቀን ስንት ቀን እንደሚገፋ፣ ሥራው ሳይገናኙ ሊሠራ ይችል እንደሆነ። ጽሑፍ ማስተካከልና ፒዲኤፍ ማረም ፋይሉን አንዴ ካወረዱ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። የደንበኛ አገልግሎት በቀጥታ መስመር ግን እንዲያ አይሆንም።

የርቀት ስብሰባም በራሱ ተደራሽ አይደለም። «ስክሪኑ ላይ እንደምታዩት» እያለ የሚያስረዳ አለቃ ዓይነ ስውሩን ከስብሰባው አስወጥቶታል። ያለውን በቃል ይናገር፣ ሰነዱንም ቀድሞ ይላክ።

«መስማት ለተሳነው ሰው ጻፍ ጻፍ ካደረግህለት ይበቃል»

ለአንዳንዱ ይበቃል። ለብዙው ግን አይበቃም። ከገጠር የመጣ ልጅ ትምህርት ቤት እስኪገባ ድረስ የምልክት ቋንቋ ላያገኝ ይችላል። ሲያገኝም የመጀመሪያ ቋንቋው የምልክት ቋንቋ ይሆናል፣ የጽሑፍ አማርኛ ደግሞ ሁለተኛ። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ ነው፤ አማርኛ በእጅ ሲነገር አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በዲግሪ ያስተምረዋል። ረጅም ኢሜይል በከባድ አማርኛ ጽፎ «አልገባውም» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። አጭር ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ለሥራ ቃለ መጠይቅ አስተርጓሚ አምጡ። በቪዲዮ ሲሆን የአስተርጓሚው እጅና ፊት በደንብ ይታይ፣ መብራቱም ከፊቱ ይሁን። የጎግል ኪቦርድ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የአማርኛ ንግግርን ወደ ጽሑፍ ይቀይራል። ለአጭር ወሬ ይረዳል፣ ለኮንትራት ውይይት ግን አትመኑት።

«አሠሪን የሚያስገድድ ሕግ የለም፤ ቢኖርም ወጪው ከባድ ነው»

ሕጉ አለ። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 ከወጣ ቆይቷል። አሠሪው የሥራ ቦታውንና መሣሪያውን እንዲያመቻች ያዛል። አስፈላጊ ሲሆን ረዳት መመደብንም ይጠይቃል። እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ላመጣ አካል ጉዳተኛ ቅድሚያ ይሰጣል። ሰው የማያውቀው ግን ይህ ነው፦ በአካል ጉዳቱ ምክንያት ተገለልኩ ብሎ የሚከስ ሰው የማስረዳት ሸክም የለበትም። አላገለልኩም ብሎ ማስረዳት ያለበት አሠሪው ነው። የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላለች። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅም፣ ቁጥር 624/2001፣ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄድ ሰው መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል።

ወጪውን በተመለከተ፦ ኤንቪዲኤ ነፃ ነው፣ ዩኒኮድ ነፃ ነው፣ ሰነድን ከስብሰባ በፊት መላክም ነፃ ነው። ራምፕና አስተርጓሚ ገንዘብ ያስወጣሉ፤ እሱን በጀት ውስጥ ማስገባት ነው።

«እንዲህ ያለው ሥራ ለአዲስ አበባ ልጅ ነው»

ከቡሬም፣ ከሞጣም፣ ከዳንግላም መጀመር ይቻላል። የቅርቡን መንገድ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ስልካችሁ ላይ ቶክባክን ወይም ኮምፒውተር ላይ ኤንቪዲኤን በደንብ ልመዱ፤ ማየት የምትችሉም ብትሆኑ። ቀጥሎ ደብሊውሲኤጂን የሚያወጣው ደብሊውሥሪሲ የተባለ ዓለም አቀፍ ድርጅት በኦንላይን የሚሰጠውን የተደራሽነት መግቢያ ኮርስ ተማሩ፤ ሳይከፍሉ መከታተል ይቻላል። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ከጓደኛ ጋር ሁናችሁ አንብቡት። ገፋ ስትሉ አይኤኤፒ የሚባለው ዓለም አቀፍ ማኅበር የሚሰጠው የባለሙያ ፈተና አለ። እሱ ይከፈልበታል፣ ለጀማሪም ግዴታ አይደለም።

ከዚያ በየቀኑ የምትጠቀሙበትን አንድ የአማርኛ አፕ ወይም ድረ ገጽ ምረጡ። ያ የደብረ ማርቆሱ ወጣት እንዳደረገው ፈትሹትና በሁለት ገጽ ጻፉት። የሥራ ማመልከቻ ስትልኩ ከሲቪያችሁ ጋር አያይዙት። የአማርኛ ስክሪን ሪደር ተጠቃሚ የሆነ ሞካሪ የውጭ ድርጅት በቀላሉ የሚያገኘው ሰው አይደለም፣ ስለዚህ አማርኛችሁን በሲቪው ላይ ከላይ ጻፉት። የውጭ ሥራ ስትዋዋሉ ክፍያው በየትኛው ባንክ፣ በየትኛው መንገድ እንደሚገባ ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት በጽሑፍ ተስማሙ። «መጀመሪያ የመመዝገቢያ ገንዘብ ላኩ» የሚላችሁ ካለ ተዉት፤ እውነተኛ አሠሪ ከሠራተኛ ገንዘብ አይቀበልም።