የአውስትራሊያ የክብር ጎዳናዎች፦ ለአንድ ዘማች አንድ ዛፍ

አውስትራሊያ ውስጥ፣ በተለይ በቪክቶሪያ ግዛት፣ ወደ ትንንሽ የገጠር ከተሞች የሚያስገቡ ብዙ መንገዶች ግራና ቀኛቸው በትልልቅ ዛፎች የታጀበ ነው። ለጥላ የተተከሉ ይመስላሉ። ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ግን ዛፎቹ አጠገብ ስም የተጻፈባቸው ትንንሽ የብረት ሰሌዳዎች ያገኛል። መንገዶቹ የክብር ጎዳና ይባላሉ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ከአካባቢው ለዘመተ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ዛፍ። አብዛኞቹ የተተከሉት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜና ከዚያ በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ነው። በቪክቶሪያ ብቻ ከ200 በላይ ነበሩ። (እዚህ ያሉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ያን ጊዜ የአውስትራሊያ ሕዝብ 5 ሚሊዮን አይሞላም። ከዚያ ላይ ከ400 ሺህ በላይ ሰው ለጦርነቱ ተመዘገበ፤ 60 ሺህ ያህሉ አልተመለሰም። የሞቱት የተቀበሩት በወደቁበት ነው፦ ቱርክ ያለችው ጋሊፖሊ፣ ፈረንሳይ፣ ቤልጅየም። ሬሳ ወደ አገር አይመጣም። ባሕር ተሻግሮ መቃብር ማየት ለአንድ ገበሬ ቤተሰብ የማይታሰብ ወጪ ነው። እርም ለማውጣት እንኳ የሚቆሙበት ቦታ አልነበረም። ዛፉ ይህን ክፍተት በከፊል ሞላ።

በከፊል ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙዎቹ ጎዳናዎች የሟች ብቻ መታሰቢያ አይደሉም። ዛፉ የሚተከለው ለተመዘገበ ሁሉ ነው፤ ብዙ ቦታ ሲተከልም ጦርነቱ ገና አላለቀም። ማን እንደሚመለስ፣ ማን እንደሚቀር የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ በአንድ መስመር ላይ የሞተውና በሕይወት የተመለሰው ጎን ለጎን ቆመዋል። የተመለሰው ሰው ደግሞ ዕድሜ ልኩን ወደ ገበያ በሄደ ቁጥር በራሱ ዛፍ ሥር ያልፋል። በድንጋይ ሐውልት ይህ አይገኝም።

ሌላም ነገር አለ። አውስትራሊያ በ1916 እና በ1917 ግዳጅ ምልመላን በሕዝበ ውሳኔ ሁለት ጊዜ ውድቅ አድርጋለች። ወደ ባሕር ማዶ ግንባር የሄደው ሁሉ በፈቃዱ ነው። በትንሽ ከተማ ውስጥ ዛፍ ያለው ሁሉ ይታወቃል። ዛፍ የሌለው ጎረምሳም ይታወቃል። ጎዳናው ክብር ብቻ ሳይሆን ለምዝገባ ቀስ ያለ ግፊትም ነበር ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ትልቁ የባላራት ጎዳና ነው። ባላራት ከሜልቦርን በስተ ምዕራብ ያለች የድሮ የወርቅ ከተማ ናት። ነገሩን የጀመሩት ሉካስ የተባለው የልብስ ፋብሪካ ሴት ሠራተኞች ናቸው፤ 500 ያህል ይሆናሉ። ገንዘቡን ራሳቸው አሰባስበው ሰኔ 1917 ተከላውን ጀመሩ። በ1919 ሲያጠናቅቁ ዛፉ 3,771፣ መንገዱ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ነበር። ዛፎቹ በማዕረግ አይለያዩም። የተሰለፉት በምዝገባ ቅደም ተከተል ስለሆነ መኮንኑና ተራው ወታደር አንድ ላይ ናቸው፤ ነርሶችም አሉበት። በ1920 ከመግቢያው ላይ የተሠራውን የድል ቅስት የመረቀው የያኔው የእንግሊዝ አልጋ ወራሽ፣ በኋላ ንጉሥ ኤድዋርድ 8ኛ የሆነው ነው። ሴቶቹ ከሐር የተሰፋ ቢጫ ፒጃማ ሸለሙት። ለልዑል ፒጃማ መስጠት ድፍረት ይጠይቃል፤ ግን የልብስ ሰፊ ሰው ሌላ ምን ይሰጣል?

ለእኔ ግን ከባላራት ይልቅ የባከስ ማርሽ ጎዳና ይበልጣል። ከሜልቦርን 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ራቅ ብላ የምትገኝ፣ በፖም እርሻዋ የምትታወቅ ከተማ ናት። ነሐሴ 10 ቀን 1918 የከተማው ሰው ወጣ። 281 ጉድጓድ፣ 281 የኤልም ችግኝ። በየጉድጓዱ የዘማቹ ዘመድ ወይም ወዳጅ ቆሟል። ጡሩምባ ሲነፋ ሁሉም ችግኙን በአንድ ጊዜ ተከለ። ጦርነቱ ሊያልቅ ሦስት ወር ቀርቶት ነበር። ዛሬ ኤልሞቹ ከላይ ቅርንጫፋቸው ተገናኝቶ መንገዱን እንደ ጣሪያ ሸፍነውታል። ከሥራቸው የፍራፍሬ መሸጫዎች ተደርድረዋል። ሜልቦርን የሚኖሩ ሐበሾች፣ በተለይ ከፉትስክሬይ ወደ ምዕራብ የሚነዱት፣ ምን እንደሆነ ሳያውቁ በዚህ መንገድ ሳያልፉ አልቀሩም።

የዛፉ ምርጫም የራሱ ታሪክ አለው። አብዛኛው ከተማ የመረጠው ኤልም፣ ኦክና የመሳሰለውን የአውሮፓ ዛፍ ነው። የሰፋሪዎቹ አያቶች የመጡት ከብሪታንያ ስለሆነ የክብር ዛፍ ማለት ለእነሱ ያ ነው። እኛ ባሕር ዛፍን ከአውስትራሊያ አስመጥተን አዲስ አበባን ስንሞላ፣ እነሱ አገራቸው ላይ ባሕር ዛፋቸውን ትተው ኤልም ይተክሉ ነበር! ፐርዝ ውስጥ ኪንግስ ፓርክ ላይ ግን በ1919 የተተከለው ኦክ አፈሩና ድርቁ አልተስማማውም። በኋላ በባሕር ዛፍ ተተካ። ኤልሙ በበኩሉ ያልታሰበ ዕድል ገጠመው። አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ውስጥ አንድ የፈንገስ በሽታ የኤልምን ዘር ሊያጠፋው ምንም አልቀረው። በሽታው አውስትራሊያ አልደረሰም። ስለዚህ የባከስ ማርሽን የመሰሉ ያረጁ የኤልም ረድፎች አሁን ብርቅ ናቸው። ቅጠሉን የሚበላ ጥንዚዛ ግን በ1989 ቪክቶሪያ ገብቷል፤ መከላከሉም ወጪ ነው።

ሐውልት ከቆመ በኋላ ብዙ ሥራ አይፈልግም። ዛፍ ውኃ ይፈልጋል፣ መከርከም ይፈልጋል፣ ያረጃል፣ ይሞታል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብዙ ጎዳናዎች ተረሱ። መንገድ ሲሰፋ ተቆረጡ፣ የስም ሰሌዳው ወደቀ ወይም ተሰረቀ፣ ቦታው ላይ ማን እንደነበር የሚያስታውስ ጠፋ። በ2004 ትሪኔት የተባለ የከተማ ዛፍ ጉዳይ ድርጅት በመላ አውስትራሊያ ያሉትን ጎዳናዎች መመዝገብና ማነቃቃት ጀመረ። ባከስ ማርሽ ላይም በ2011 የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ለመንገድ መገናኛ ሥራ የተወሰኑ ዛፎችን ሊያነሳ ሲል ሕዝቡ ተቃውሞ ወጣ።

ከባዱ ጥያቄ ግን የሞተው ዛፍ ነገር ነው። አዲስ ችግኝ ቢተከል ያው ሰው ነው? አንዳንዱ በዚያው ዝርያ ይተካል። አንዳንዱ ክፍተቱን ይተወዋል። የታዝማኒያዋ ሌገርውድ ሦስተኛ መንገድ መርጣለች። ጥቅምት 15 ቀን 1918 ዘጠኝ ዛፍ ተተክሎባት ነበር፤ ሰባቱ ለሞቱት ልጆቿ፣ አንዱ ለጋሊፖሊ፣ አንዱ ለአንዛክ (ለአውስትራሊያና ኒው ዚላንድ ጦር)። በ2001 ባለሙያዎች ዛፎቹ ለሰው አደጋ ናቸው አሉ። ነዋሪው መነቀላቸውን አልፈቀደም። አናታቸው ተቆርጦ ግንዱ በሞተር መጋዝ ተጠረበና የሰው ምስል ሆነ። አንዱ ግንድ ላይ የመሰነባበቻ ትዕይንት ይታያል፦ ወታደርና የምትሸኘው ሴት። ዛሬ ያችን ትንሽ መንደር ብዙ ሰው የሚጎበኛት በዚሁ ነው። እኔ መፍትሔው ደስ ይለኛል፤ ምንም እንኳ የተጠረበ ግንድም አንድ ቀን መበስበሱ ባይቀርም።

ልማዱ አልቆመም። ኩዊንስላንድ ውስጥ ዩንጋባራ የተባለች ከተማ አጠገብ በ2013 አዲስ የክብር ጎዳና ተመርቋል። አፍጋኒስታን ላይ ለሞቱ አውስትራሊያውያን ወታደሮች የተተከለ ነው። ጥረቱን የጀመሩት በዚያ ጦርነት ወንድ ልጃቸውን ያጡ ወላጆች ናቸው። ዛፉ ኤልም አይደለም፣ ኦክም አይደለም። ሲያብብ እንደ እሳት የሚቀላ አገር በቀል ዛፍ ነው።