ሳን ዲዬጎ ስትመጡ ስለ ባህሩ የሚነገራችሁና እውነቱ

ሚኒሶታ ዓመታት በረዶ ስንጠርግ ኖረን ወደ ሳን ዲዬጎ የመጣነው በጁን ወር ነው። ስለ ባህሩ ያልተነገረን ነገር አልነበረም። ብዙው ግን ልክ አልነበረም።

«እዚያ ሁልጊዜ ፀሐይ ነው፤ ሹራባችሁን ጣሉት»

አትጣሉት። ሜይና ጁን ላይ ጠዋት ጠዋት ሰማዩ እንደ አዲስ አበባ ሐምሌ ድፍን ይላል፤ ዝናብ ግን የለም። ውቅያኖሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ከላዩ ያለውን አየር ያቀዘቅዘዋል፤ ደመናው ዝቅ ብሎ ዳርቻው ላይ ይተኛል። የአገሩ ሰው «ጁን ግሉም» ይለዋል። ብዙ ጊዜ እኩለ ቀን ላይ ይገለጣል። እምቢ ካለም ጥቂት ማይል ወደ ውስጥ ንዱ፤ ፀሐይዋ እዚያ አለች። ለዋና ደህናው ጊዜ ኦገስትና ሴፕቴምበር ነው።

«ደመና ነው፣ ደግሞ ጥቁር ነን፤ ፀሐይ ምን ያደርገናል?»

ጨረሩ ደመናን ያልፋል። ጥቁር ቆዳም ይከላከላል እንጂ ጨርሶ አያድንም። የልጄ አፍንጫ የተላጠው ፀሐይ ባልታየችበት ቀን ነው። ልጆቹን የፀሐይ መከላከያ ክሬም ቀቧቸው።

«ዋና የሚችል ሰው አይሰጋም»

ይሄ ስህተት ነፍስ ያጠፋል፤ እባካችሁ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። ሶደሬ ገንዳ ወይም ላንጋኖ ላይ የዋኘ ሰው ውቅያኖስን ገና አያውቀውም። ማዕበል የገፋው ውሃ ወደ ባህሩ የሚመለስበት ጠባብ መስመር አለ፤ ሪፕ ከረንት ይባላል። ግራና ቀኙ ነጭ አረፋ ሆኖ መሃሉ ጸጥ ብሎ ጠቆር ካለ፣ እሱ ሊሆን ይችላል። አዲስ መጪ «እዚህ ጋ ማዕበል የለም» ብሎ ልጁን ይዞ የሚገባው እዚያው ነው። ወደ ታች አይጎትትም፤ ከዳርቻው ያርቃል እንጂ። ሰው የሚሰምጠው በቀጥታ ወደ ዳር ለመመለስ ሲታገል ጉልበቱ አልቆ ነው። ከያዛችሁ ተንሳፈፉ፣ እጃችሁን አውለብልቡ፤ ከቻላችሁ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝታችሁ ከመስመሩ ውጡ። ሁልጊዜም ላይፍጋርድ፣ ማለትም የዋናተኞች ጠባቂ፣ ባለበት ግቡ።

ስትገቡ ደግሞ እግራችሁን አታንሱ፤ አሸዋው ላይ እየጎተታችሁ ሂዱ። አሸዋ ውስጥ የሚተኛ ስቲንግሬይ የሚባል ዓሣ አለ። ንዝረት ሲሰማ ይሸሻል፤ ከረገጣችሁት ግን በጅራቱ ይወጋል።

«ዳርቻው የሀብታም ነው»

ቤቱ የሀብታም ሊሆን ይችላል። በካሊፎርኒያ ሕግ ግን ሞገድ የሚያረጥበው አሸዋ የሕዝብ ነው። እኛ ቡና በፔርሙዝ፣ ድፎ ዳቦና ቆሎ ይዘን ሚሽን ቤይ ወደሚባለው የባህር ወሽመጥ እንወርዳለን። ውሃው የረጋ ስለሆነ ለሕፃናትም ይሻላል።

«ዲሴምበር ከገባ ባህር ዳር ምን ይሠራል?»

እኔ በጣም የምወደው ያኔ ነው። ፖይንት ሎማ ጫፍ፣ ካብሪዮ የሚባለው ፓርክ ላይ፣ ባህሩ በቀን ወደ ኋላ ይሸሽና ድንጋዮቹ መሃል ትንንሽ ኩሬዎች ይቀራሉ። ልጆች ጎንበስ ብለው ሸርጣን ሲያዩ ሰዓቱ ይሄዳል። ከገደሉ ላይ ደግሞ ከአላስካ ወደ ሜክሲኮ የሚወርዱ ግራጫ ዓሣ ነባሪዎች ያልፋሉ። ውሃው ላይ አተኩሩ፤ መጀመሪያ የሚታየው ትንፋሻቸው ነው፣ ከሩቅ እንደ ጢስ ቡልቅ ይላል።