የሚስተካከል ሾክ አብዞርበር ምንድን ነው?

የመኪናን ውዝዋዜ የሚያበርድበት ኃይል በትንሽ ማዞሪያ የሚጠብቅና የሚላላ ሾክ ነው እንጂ መኪናን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ዕቃ አይደለም። ይህን አስቀድሜ ልበል። ሰሞኑን ደሴም ኮምቦልቻም «ማዞሪያዋን ጠበቅ አድርጋት፣ መኪናው ቁጭ ይልልሃል» የሚል ምክር እንደ ጉድ እየተናፈሰ ነው። አንድ ወንድማችን ደግሞ ጭራሽ «የሚስተካከል ሾክ ካስገባህ ሞላ መቀየር አያስፈልግህም» ብሎ በልበ ሙሉነት አስረዳ። ሰውም አመነው። ብዙ ብር የሚወጣበት ነገር ነው። ከብሩም በላይ፣ ቤተሰብ ተጭኖበት የሐረጎን ቁልቁለት የሚወረድበት መኪና ነው። ስለዚህ ዝም ማለት ከበደኝ።

መኪናውን የሚሸከመው ሞላው ነው። ፒክአፕ ከሆነ ከኋላ ባሌስትራው፣ ያ ተደራርቦ የታሰረው ጠፍጣፋ ብረት። ሾኩ የሚሸከመው ክብደት የለም ማለት ይቻላል። የእሱ ሥራ የሞላውን ውዝዋዜ ማብረድ ነው። ዘይቱ በፒስተኑ ጠባብ ቀዳዳዎች ሲያልፍ እንቅስቃሴውን ይታገለዋል፤ ትግሉም ወደ ሙቀት ይለወጣል። ረጅም ፒስታ ነድታችሁ ስትቆሙ ሾኩን ብትነኩት የሚያቃጥላችሁ ለዚህ ነው። ሾክ የሚታገለው ፍጥነትን ነው። ቆሞ ባለ መኪና ላይ የሚታገለው ነገር ስለሌለ ማዞሪያውን ብታጠብቁትም ብታላሉትም ከፍታው ያው ነው።

የማያምን በዓይኑ ማየት ይችላል። ብዙ ትንንሽ መኪኖች ላይ ከኋላ ሞላው ለብቻ፣ ሾኩ ለብቻ ነው የሚቀመጠው። መኪናው በአራት ጎማው መሬት ላይ እንደቆመ ከጎማው በላይ ያለውን የቦዲ ጠርዝ ከመሬት ጀምራችሁ በሜትር ለኩ። ከዚያ የሾኩን የታች ብሎን ፍቱና ሾኩን ከቦታው አላቁት። እንደገና ለኩ። መኪናው አይወድቅም፤ ያው ቁመቱ ላይ ነው። ጋዝ ያለው ሾክ ከሆነ በጋዙ ግፊት ምክንያት የጥቂት ሚሊሜትር ልዩነት ልታዩ ትችላላችሁ፣ እሱም ቢሆን ከማዞሪያው ጋር አይገናኝም። በክሪክ አንስታችሁ ግን ይህን እንዳትሞክሩ። ብዙ መኪና ላይ እግሩ፣ ማለትም ጎማውና ጎማውን የያዘው ክፍል፣ ከልክ በላይ እንዳይወርድ የሚይዘው ሾኩ ስለሆነ ሞላው ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል።

እኛ አገር ክራር የሚመታ ሰው ይህን ነገር ለመረዳት ጊዜ አይፈጅበትም። ቀኝ እጅ ክሮቹን ሁሉ ይገርፋል፤ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ክሮች ነካ አድርገው ዝም ያሰኛሉ። ሞላው ክሩ ነው፤ ሾኩ ጣቱ ነው። ከትዝታ ወደ ባቲ መሄድ የፈለገ ሰው ክር ያጠብቃል ወይም ያላላል። ጣቱን አጥብቆ ስለተጫነ ባቲ አይመጣለትም። ጣቱን ጨርሶ ካነሳ ደግሞ ሁሉም ክር አንድ ላይ ይጮሃል፤ ያለቀ ሾክ ያለው መኪና አንዷን ጉድጓድ ካለፈ በኋላ ሦስት አራት ጊዜ የሚዋልለው እንዲሁ ነው። ጣቱን ከመጠን በላይ ከተጫነ የሚፈለገውም ክር ይታፈናል። ክሩ በጣም ሲወጠር ደግሞ ዝም ለማሰኘት ጠንከር ያለ ጣት ይፈልጋል። ሞላው ሲጠነክር ሾኩም አብሮ መጠንከር ያለበት ለዚሁ ነው። ሎወሪንግ ስፕሪንግ (መኪና ማውረጃ ሞላ) እና የሚስተካከል ሾክ አንድ ላይ የሚሸጡትም አንዱ የሌላውን ሥራ ስለሚሠራ ሳይሆን አንዱ ሌላውን ስለሚፈልግ ነው።

ዝቅ የሚያደርገው እንግዲህ ሎወሪንግ ስፕሪንጉ ነው። አጭር ነው፣ ግን ማጠሩ ብቻውን አይበቃም፤ ጠንካራም መሆን አለበት። አንድ እግር ስቶፐሩን፣ ማለትም መጨረሻ ላይ ምቱን የሚቀበለውን ጎማ፣ እስኪመታ ድረስ 8 ሴንቲሜትር መጨመቂያ ቦታ ነበረው እንበል። መኪናውን በ3 ሴንቲሜትር ስታወርዱት 5 ይቀራል። ያንኑ ጉድጓድ፣ ያንኑ ምት በ5 ሴንቲሜትር ውስጥ ለመቀበል ሞላው ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል መጠንከር ነበረበት። አምራቾች ያን ያህል አያጠነክሩትም፤ መኪናው እንደ ጋሪ ይሆናላ። ስለዚህ ትርፉን ምት ስቶፐሩ ይቀበለዋል። ስቶፐሩን ቆርጦ መጣል የሚወዱ መካኒኮች እዚህ ላይ ልብ ቢሉ ደስ ይለኛል። የሞላው አምራች በዚህ ልክ ቁረጡ ካላለ አይቆረጥም።

ሞላ ማስቆረጥስ? ያው አይደለም ወይ? አይደለም። ሞላ ሲቆረጥ ይጠነክራል፣ ይህ እውነት ነው። ስድስት የሚሠራ ጥምዝ ካለው ሞላ ላይ አንዱን ብትቆርጡ ወደ 20 በመቶ ገደማ ይጠነክራል። ችግሩ ብዙ ሞላ ጫፉ ለመቀመጫው ተብሎ ተስተካክሎ የተሠራ መሆኑ ነው። የተቆረጠው ጫፍ በትክክል አይቀመጥም፤ እግሩ ሙሉ በሙሉ ሲንጠለጠል ደግሞ ይላላል። በኦክሲጅን እሳት አሙቆ «ማስቀመጥ» የሚባለው የባሰ ነው። ሞላ ሞላ የሆነው በሙቀት አያያዙ ነው። እሳቱ ያን ጥንካሬ ይገድለዋል፣ ሁለቱ ጎኖችም እኩል አይወርዱም።

ለዚያ ወንድማችን ፍርድ ላለማጓደል ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ «የሚስተካከል» እየተባለ የሚሸጥ ሌላ ዕቃ አለ። ኮይልኦቨር ይባላል። የሾኩ አካል ጥርስ አለው፣ በጥርሱ ላይ የሞላው መቀመጫ ቀለበት ይሽከረከራል። እሱ በእርግጥ መኪናውን ያነሳል፣ ያወርዳል። የሚያወርደው ግን የሞላውን መቀመጫ ቦታ ስለቀየረ ነው። ከሾኩ ዘንግ ጫፍ ላይ ያለችው፣ «ቋ ቋ» የምትለው ትንሿ ማዞሪያ ሌላ ሥራ ነው ያላት። ቪትዝና ኮሮላ ከፊት ሞላውና ሾኩ አንድ ላይ የተሰካካ ስለሆነ ሁለቱን እንደ አንድ ዕቃ ማየት ይቀላል። ግራ መጋባቱ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ይበልጥ ይገርማል። ማዞሪያዋ ብዙ ጊዜ የምታስተካክለው መመለሻውን ነው፤ ማለትም የተጨመቀው እግር በምን ፍጥነት ተመልሶ እንደሚዘረጋ። በጣም ካጠበቃችኋት ከዋናው አስፋልት ወጥታችሁ ወደ ገጠር ወረዳዎቹ በሚያስገባው ፒስታ ላይ፣ መሬቱ ተደጋጋሚ ጉብታ በሆነበት፣ እግሩ ሳይዘረጋ ቀጣዩ ጉብታ ይደርስበታል። ከዚያ ሌላው። መኪናው እየሄደ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይጨመቃል። «ጠበቅ ሳደርጋት ወረደ» ያለው ሰው ምናልባት ይህን አይቶ ይሆናል። ግን ይህ መውረድ ሳይሆን መታፈን ነው፤ ጎማው ጉድጓዱን ተከትሎ መውረድ ስለማይችል መሬት መያዝ ይቀንሳል። ከላላው ጫፍ ጀምራችሁ፣ አራቱንም እግር እያያችሁ፣ መዋለሉ እስኪቆም ድረስ ብቻ ጨምሩ። ከዚያ በላይ ጥቅም የለውም።

በግሌ ደሴ ውስጥ ለዕለት ተዕለት ለሚነዳ፣ ኮብልስቶን ለሚወጣ መኪና ከ3 ሴንቲሜትር በላይ ማውረድን አልመክርም። ከኋላ ሦስት ሰውና ሙሉ ሻንጣ ለሚጭን ደግሞ ጭራሽ ማውረዱ ይቅርበት፤ የፋብሪካውን ሞላ ይዞ ጥሩ ሾክ ብቻ ቢቀይር ይሻለዋል።

ፒክአፕና ሚኒባስ ያላችሁ ይህን ሳትሰሙ እንዳትሄዱ። ብዙዎቹ ከኋላ አክሰሉ ጋር በዘንግ የተያያዘ፣ የኋላውን ፍሬን ኃይል በጭነት ልክ የሚመጥን ቫልቭ አላቸው። ቫልቩ ጭነትን የሚያውቀው በአክሰሉና በቦዲው መካከል ባለው ርቀት ነው። ኋላውን ስታወርዱት «ተጭኗል» ብሎ ያስባል፤ ባዶ መኪና ላይ የኋላ ጎማ ፍሬን ይበዛና ይነክሳል። ባሌስትራ ጨምራችሁ ስታነሱት ደግሞ ተጭኖም «ባዶ ነው» ይላል፣ የኋላው ፍሬን ይደክማል። የደሴ ኮምቦልቻ መንገድ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ500 ሜትር በላይ ይወርዳል። ዘንጉ በአዲሱ ቁመት ልክ ሳይስተካከል እዚያ ቁልቁለት ላይ መውጣት የለበትም።

ሞላና ሾክ የመቀየሩ ሥራ ሲጀመር ሞላው በመጭመቂያ ሳይያዝ የላይኛዋ ብሎን አትፈታም፤ ታስሮ የነበረ ሞላ ሲፈናጠር ሰው ይገድላል። በእግሩ ጎሚኒዎች (በመጋጠሚያዎቹ ላይ ባሉት የጎማ ቀለበቶች) ውስጥ የሚያልፉት ብሎኖች መጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው በጎማው ከቆመ በኋላ ነው። ተንጠልጥሎ እያለ ከጠበቁ ጎሚኒው እንደተጠመዘዘ ይኖርና ቶሎ ይበጣጠሳል። የፊት መብራቱም አቅጣጫው ስለሚቀየር ይታይ። አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ግን በዚያው ቀን አታሠሩ። ጥቂት ቀን ይነዳ፣ ሞላው ቦታውን ይያዝ፣ ከዚያ ይሠራል።